ወረቀቷን ድንጋይ ያደረገው ውሃ

ሰኞ፣ ሙዚየም ውስጥ

ጽጌረዳዋ መስታወት ውስጥ ተቀምጣለች። ቅጠሏ፣ እሾኋ፣ የአበባዋ እጥፋት ሁሉ አለ፤ ግን ቡናማ ድንጋይ ናት። አስጎብኚዋ ሴትዮ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች፣ ልጄ ሄለን ትተረጉምልኛለች። አበባዋ ድሮ ወረቀት ነበረች አሉ። ፍል ውሃው ሥር ሲያስቀምጧት፣ ውሃው ውስጥ ያለው ነገር እየለበጣት ድንጋይ ሆነች።

«ማሚ፣ ኩል አይደል?» አለችኝ ሄለን።

እኔ የማየው ሆዷን ነው። ከዚያው ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። ልጄ ደግሞ ኩላሊቷን ያማታል።

ሐሙስ ንጋት፣ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን

ከመነሻው ላውጋችሁ። ሄለን ቶሮንቶ የተወለደች አንድ ልጄ ናት። ስትመረቅ ቫኬሽን ልውሰድሽ፣ የት እንሂድ አለችኝ። ፍል ውሃ ያለበት አገር አልኳት። እሷ ለመታጠብ መሰላት። እኔ ግን ፍል ውሃ ስንቱን እንዳሻረ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሐኪሟ መድኃኒት ሰጥቷት ጨው ቀንሺ ብሏታል፤ ውሃውን እኔ ልጨምርበት ብዬ በሆዴ ያዝኩት።

ኤርፖርት ያደረሰን ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚኖር ያገራችን ልጅ ነው። መንገዱን ሙሉ ሲቀልድብኝ ሄደ።

«እትዬ ብርቄ፣ ሰው ሶደሬ ይሄዳል። እርስዎ ገላዎን ሊታጠቡ ቼክ አገር ድረስ?»

ቅዳሜ፣ ከተማዋ

ከፕራግ በአውቶቡስ ነው የመጣነው። ግራና ቀኙ ቢጫ አበባ የለበሰ እርሻ፣ ከዚያ ጫካ፣ ከዚያ ቁልቁለት። የከተማዋን ስም እስካሁን አፌ አልያዘውም። ሁለት ተራራ መሀል ወንዝ፣ ወንዙ ዳር ሮዝና ክሬም የተቀቡ ፎቆች፣ ልክ የሠርግ ኬክ። ውሃው ከየቧንቧው እየጨሰ ይወርዳል። ሽማግሌና አሮጊቱ ጠፍጣፋ ኩባያ ይዞ ይንሸራሸራል፤ ቀዳዳ ባለው እጀታው በኩል ትንሽ ምጥጥ፣ ትንሽ ወሬ። እንደ ወረቀት የሳሳ ክብ ብስኩት በትኩሱ ይሸጣል፤ ሁለት በላሁ። ይሄም መጠጣት ነው ብዬ ሳቅሁባቸው። እኔ ትልቅ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ ነበራ።

ሰኞ ጠዋት

ሄለንን ምንም ሳትቀምስ ቀሰቀስኳት፤ ጠበል በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣው። ማሚ፣ ጨው ጨው ይላል አለች። ጨርሺው አልኳት። ትንሽ ቆይቶ ወንዙ ዳር አስመለሳት። ጠበል የጠጣ ሰው ሲያስመልሰው በሽታው ወጣ ነው የምንለው። እሰይ እያልኩ ደግሜ ቀዳሁላት። እንዳይከፋኝ ብላ ጠጣች።

ከዚያ ሙዚየሙን ልየው ስትል ሄድን። ደስ ይል ነበር። በሽተኛ የሚሸከሙበት መስኮት ያለው ወንበር፣ ሰው የሚዘፈዘፍበት የእንጨት ገንዳ፣ የድሮ ሴቶች ጓንትና ጥላ። ማን ተሸከማቸው፣ ማን አሻቸው እያልኩ ልጄን በጥያቄ አደከምኳት። ጽጌረዳዋ ጋ እስክንደርስ።

ኩላሊት ያለበት ሰው ይህን ውሃ ይጠጣል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ አልኳት። ሴትዮዋ ትንሽ ኩባያ አሳየችን። ድሮም ቢሆን ሐኪም ባዘዘው ልክ ብቻ ነው፤ ኩላሊት ያለበትማ ሳይጠይቅ አይነካውም አለች። ከዚያ ስንት ጠጣች ብላ ጠየቀች። ከቦርሳዬ ጠርሙሱን አውጥቼ አሳየኋት። ፊቷ ተለወጠ።

«ኦኬ ነኝ፣ ማሚ» አለች ሄለን። ግን ግድግዳውን ተደግፋለች፣ ከንፈሯ ነጥቷል።

ሴትዮዋ ክሊኒክ ኮል አድርጋ፣ ታክሲ ጠርታ፣ በር ድረስ ደግፋ ሸኘችን። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም።

ክሊኒክ

ደሟን ወሰዱ፣ ክንዷ ላይ ግሉኮስ ተከሉላት፣ እዚሁ ትደር አሉ። አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ስለቴን እደረድራለሁ።

«ለኩላሊቴ ብለሽ እንደሆነ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ ሄለን።

«ብነግርሽ ትጠጪ ነበር?»

«ኖ።»

«ለሱ ነዋ።»

ሳቀች። እኔ ግን አለቀስኩ። ሁለተኛ ሳትነግሪኝ እንዳታክሚኝ አለች፤ እሺ አልኩ።

ማለዳ የክሊኒኩ ሐኪም መጣች። ኩላሊቷ አልተጎዳም፤ ቤቷ ስትገባ ግን የራሷ ሐኪም ደግሞ ይያት አለች።

ቶሮንቶ

የራሷም ሐኪም አያት፤ ምንም የለባትም አለ። አሁን ክሬሰንት ታውን፣ ቤታችን ነን። ሄለን ሶፋው ላይ ተኝታለች። ልጄ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።