የሕንዱ መምህር ስለትና የእኔ የጨረቃ ቁጥር

ባለፈው ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሳልስቱ፣ ወደ አቀስታ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ድረስ መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ካለች አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጬ ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው የቴሌቪዥኑ ድምፅ አይሰማም፤ ምስሉ ግን ይታያል። ብርድ ልብስ የተከናነቡ ብዙ ሰዎች፣ ከፊሎቹ በፈረስ፣ ከፊሎቹ ምርኩዝ ይዘው፣ በበረዶ መካከል በቀጠነ መንገድ ወደ ተራራ ይወጣሉ። የሻይ ቤቱ ባለቤት ሰይድ ብርጭቆ ከማጠቡ ቀና ብሎ አየና፣

«አባ፣ እነዚህ ደግሞ የት ነው የሚሄዱት? ሐጅ እንዳልል በረዶ ነው» አለኝ።

«ሕንዶች ናቸው። ከላይ የዋሻ መቅደስ አላቸው፤ ወደዚያ ነው።»

«እርስዎ ደግሞ ሕንድ አገርን መቼ አዩት?»

«አላየሁትም። የአንድ ሰው ጉዞ ግን በእኔ ምክንያት ሊበላሽ ነበር።»

ሰይድ ሊጠይቀኝ አፉን ሲከፍት ሚኒባሱ ሞላና ተጠራሁ። ያን ቀን ለእሱ ሳልነግረው የቀረሁትን ነው አሁን የምጽፈው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ እኔ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ዲያቆን ሳለሁ፣ በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ የሚያስተምር አንድ ሕንዳዊ ነበር። ስሙ ሚስተር ጎቪንድ ነው። ወፈር ያለ፣ መነጽሩ በብርድ ጊዜ ጉም የሚለብስበት፣ ከሙቅ አገር የመጣ ሰው ነበር። አማርኛን ከገበያተኛ ስለለመደ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም «አንተ» ይል ነበር፤ ማንም አይቀየመውም። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ዓሣ በአፉ ገብቶ አያውቅም። ሰዎች ይህን ሰምተው ታላቅ ጿሚ አድርገው ቆጠሩት። «ፋሲካ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እሱ እቴ፣ አይገድፍም!» ይባልለት ነበር። የሽሮ ወጡን ስታቀርብለት ቅቤ እንደሌለበት ሦስት ጊዜ የማትምልለት ጎረቤት አልነበረችም።

እኔ ጠዋት ጠዋት የእሱ ተማሪ፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ የየኔታ ተማሪ ነበርኩ። የኔታ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀረጹብኝ አዛውንት መምህሬ ናቸው። ያን ዓመት ባሕረ ሐሳብ አስጀምረውኝ ነበር፤ ይኸውም አባቶቻችን የፀሐይንና የጨረቃን ዑደት አስማምተው አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጡበት የቁጥር ትምህርት ነው። ወጣት ሰው አዲስ ትምህርት ሲገባው የሚሰማውን ኩራት የቀመሰ ያውቀዋል። ጣቶቼን እያጠፍኩ የዛሬ ዐሥር ዓመት የሚውለውን ስቅለት ስናገር አድማጮቼ ሲደነቁ፣ ሰማይና ምድር በመዳፌ ያሉ ይመስለኝ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ቀን ሚስተር ጎቪንድ ከክፍል አስቀርቶ ጉዳዩን ነገረኝ። ሕፃን ሳለ በንዳድ ሊሞት ደርሶ እናቱ ተስላ ነበር። ልጄ ከዳነልኝ፣ በአገራችን ሰሜን በረዶ በማይለየው ተራራ ላይ ወዳለው ዋሻ ወጥቼ እሰግዳለሁ አለች። በዚያ ዋሻ ውስጥ ውሃ እየነጠበ የሚረጋ የበረዶ ዓምድ አለ፤ ከጨረቃ ጋር ያድጋል፣ ከጨረቃ ጋር ይጎድላል ብለው ያምናሉ። ተሳላሚው ሁሉ ከእግረ ተራራው ተሰባስቦ አራት ቀን በእግሩ ይወጣና በክረምት ወር ጨረቃ በምትሞላበት ዕለት ይደርሳል። እናቱ ድሀ ነበረችና ሳትሄድ ሞተች። ስለቱ በእሱ ላይ ወደቀ።

«መንግሥት ወደ አገሬ የሚልከኝ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ነው» አለኝ። «ዘንድሮ ካልሄድኩ፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጉልበቴን እይ፣ ሆዴን እይ።»

ይህን ስሰማ እንግዳ ነገር የሰማሁ አልመሰለኝም። በእኛም ዘንድ ወላጅ ሳይፈጽም የሞተውን ስለት ልጅ ይፈጽማል፤ ወደ ግሸን የሚወጣው ሰው ግማሹ የሟች እናቱን ጧፍ የያዘ ነው። እምነቱ እምነቴ አልነበረም፤ ዕዳው ግን ገባኝ።

ከዚያ በኋላ ዝግጅት ጀመርን። በሳምንት ሦስት ቀን ከትምህርት በኋላ ከከተማው በላይ ያለውን ኮረብታ እየወጣን እንወርዳለን። እሱ የገብስ ቁና በጀርባው ያዝላል፤ ሳንባው እንዲለምድለት ነው። በመንገድ የምናገኛቸው እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ቆመው ያዩታል።

«እኛስ ቸግሮን ነው የምንሸከመው» አለችው አንዲቱ። «አንተ ደመወዝተኛው ምን አጥተህ ነው?»

«ሆዴን ላጣ ነው እናቴ!» አላት። ሴቶቹ እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሲስቁ ይሰማን ነበር።

ስንቁንም የመረጥነው አብረን ነው። በረዶ ላይ እሳት እንደማይገኝ ስለነገረኝ በሶ እንዲይዝ መከርኩት፤ በውሃ ብቻ ተበጥብጦ የሚጠጣ፣ ከሁለት ጭብጥ በላይ የማይፈልግ። መጀመሪያ ሲቀምሰው አፉ ላይ ደርቆበት አነቀው። በግንቦት ግን ያለ በሶ ኮረብታውን አልወጣም ይል ጀመር።

የቀረው ቀኑን ማወቅ ነበር። እህቱ በየዓመቱ የምትልክለት፣ የአገራቸው የጨረቃ ቀኖች የታተሙበት ወረቀት በመንገድ ጠፍቶ ቀረ። ሌላ ቢጽፍ መልሱ ከመሄጃው በፊት አይደርስም። ጭንቀቱን ሲያጫውተኝ፣ ሳልጠየቅ፣ «እኔ አወጣልዎታለሁ» አልኩት። ፀሐይ ከጨረቃ የምታተርፈውን አበቅቴ፣ የወሩን ጉድለት ሕጸጽንና ዕለቱን ደምሬ፣ ሠላሳ ሠላሳውን ገድፌ፣ ጨረቃ በነሐሴ ዐሥራ አራት ቀን ትሞላለች ብዬ በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ለየኔታ አላሳየሁም። ለምን እንደማላሳይ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት፣ «ለጣዖት ቤት ቀን ታወጣለህን?» ብለው እንዳይቆጡኝ የሚል ነበር። እውነቱ ግን ብቻዬን ልመሰገን ፈልጌ ነው።

ሚስተር ጎቪንድ በዚያች ወረቀት ላይ ጉዞውን ሁሉ ሠራ። ለደካማ ተማሪዎች የሚሰጠውን የክረምት ትምህርት ሐምሌ ዐሥራ ስምንት ይጨርሳል። ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ፤ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን በሚነሣው አውሮፕላን ወደ አገሩ። በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ወርዶ ከእህቱ የእናቱን ልብስ ይቀበላል፤ ልብሷ ከደረሰ እሷ እንደደረሰች ይቆጠርላታል። ከዚያ አገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በባቡር ይሻገራል። ትርፍ ቀን አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ሐምሌ ዐሥር ቀን ሲመሽ ከኮረብታው ስንወርድ ነበር። ከሰኔ አጋማሽ ጀምሮ ሰማይ አይተን አናውቅም፤ ያን ዕለት ግን ዝናቡ ቀደም ብሎ አባርቶ ደመናው ተገፈፈ። ፀሐይ ወደ ዓባይ በረሃ ትወርዳለች። ዘወር ስንል በምሥራቅ፣ ከለጋምቦ ተራሮች በላይ፣ ጨረቃ ብቅ አለች፤ ክብ፣ ምንም ያልጎደለባት።

ሚስተር ጎቪንድ ቁናውን አውርዶ ሁለት እጁን ገጠመ። «ዲያቆን፣ እይ፣ እይ! በሚቀጥለው እንደዚህ ስትሆን እኔ እዚያ ነኝ!»

«አዎ» አልኩት።

ፀሐይ ስትገባ የምትወጣ ጨረቃ ሙሉ ጨረቃ እንደሆነች እረኛም ያውቃል። በእኔ ቁጥር ግን ገና ዐሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ጎኗ ጎድሎ ሰማይ ላይ ከፍ ብላ መታየት ነበረባት። አራት ቀን ስቼአለሁ። ይህን ያወቅሁት እዚያው ቆሜ ሳለሁ ነው። ቢሆንም ቁናውን ተሸክሜለት፣ ስለ በሶው እያወራን፣ እስከ ቤቱ ሸኘሁትና «ደኅና ይደሩ» ብዬው ሄድኩ። በሕይወቴ ብዙ ኃጢአት ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ እንደዚያች «አዎ» የከበደችኝ ጥቂት ናት።

ቤቴ ገብቼ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ መላልሼ ሠራሁት። ስሕተት የለበትም። በማለዳ የኔታ ከኪዳን ጸሎት ሲወጡ ጠብቄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው፤ ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር።

«ቁጥሩን ንገረኝ» አሉ። ነገርኳቸው። በጣታቸው ተከተሉኝ። «ልክ ነህ።»

«ታዲያ ጨረቃዋ የኔታ?»

«ጨረቃዋም ልክ ናት። አየህ፣ ይህ ቁጥር የተሠራው ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾሙ፣ በአንድ ቀን እንዲፈቱ ነው። የሰማይዋ ከዘመን ብዛት ጥቂት ጥቂት ቀድማናለች። እኛ ለበዓል ቁጥሩን እንይዛለን፤ ጨረቃን ማየት የፈለገ ግን ቀና ይበል። ለመሆኑ ለሰውየው ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

«ሃይማኖቱን ለእግዚአብሔር ተውለት። አንተን አምኖ መንገድ ሊወጣ ያለን ሰው ግን እያወቅህ ልታስቀር ነውን? ተነሥ፣ ሩጥ! በቅሎዬንም እንካችሁ፤ መንገዱ ጭቃ ነው።»

ክፍል ውስጥ ነበር የደረስኩበት። ተማሪዎቹ ሁሉ በሚያዩኝ ፊት ቆሜ፣ «ቲቸር፣ ያወጣሁት ቀን ስሕተት ነው። ጨረቃ የምትሞላው ነሐሴ ዐሥር ነው። ትናንት ማታ አውቄ ነበር፤ አፈርኩና ዝም አልኩ» አልኩት።

ጠመኔውን ይዞ ወደ ሰሌዳው ዞረ። ቀኖቹን ወደ ኋላ እየቆጠረ ጻፈ፤ እዚያ ያለውን እንግሊዝኛ እንኳ አላጠፋውም፣ በላዩ ላይ ነው የጻፈው። አራት ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ በሩጫ በተካካሰ ነበር። ነገር ግን አራቱ ቀን ሊሄድበት ያሰበውን አውሮፕላን እንዲተውና በሳምንት የሚቀድመውን እንዲይዝ ያስገድደዋል፤ ለዚያ ደግሞ በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መውጣት አለበት።

«የምቆጣህ ከሆነ በኋላ እቆጣለሁ» አለኝ። «አሁን ወደ ዳይሬክተር።»

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ደንብ ወዳድ ነበሩ። «የቀረውን ሳምንት ማን ያስተምራል?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

«አንተ? ዲያቆን፣ ቅኔ ልትዘርፍላቸው ነው?»

«ያስተማረኝን አስተምራለሁ።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና የፈቃዱን ወረቀት ፈረሙ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሙ ከመሬት አልተነሣም ነበር። መኪና እስከሚገኝበት እስከ አቀስታ የሚያደርሰው ጋሼ አሊ የሚባሉ፣ ያን መንገድ ስንት ክረምት የተመላለሱበት ነጋዴ ናቸው። የየኔታን በቅሎ የኮርቻ ጠፍር በእጃቸው እየፈተሹ ሚስተር ጎቪንድን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«በቅሎዋስ ታደርሰው ነበር» አሉኝ፤ «እሱ ነው እሷን የሚያደርሳት? ወላሂ እኩል ናቸው!»

«ጋሼ አሊ፣ ይደርሳል እንዴ?» አልኳቸው።

«አብሽር! የስለት መንገደኛ አላህ አይጥለውም። ጭቃው ከበዛ በቅሎዋን እሱ ላይ እጭናታለሁ።»

ሚስተር ጎቪንድ ሳቀ። የበሶውን ስልቻ ሰጠሁት፤ ይቅርታም ለመንኩ። «ዛሬ ነግረኸኛል» አለኝ፤ «በዓሉ ካለፈ በኋላ ብትነግረኝ ነበር ክፉው።» ጉሙ ቶሎ ዋጣቸው፤ የበቅሎዋ ኮቴ ጭቃውን ሲነጭ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ይሰማኝ ነበር። እኔም ወደ ክፍሉ ገብቼ፣ ከእኔ በጥቂት ዓመት ለሚያንሱ ልጆች የእንግሊዝኛ ግስ ሳስረዳ ዋልኩ። ነሐሴ ዐሥር ቀን፣ በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ሰማዩ ተዘግቶ ሲዘንብ አመሸ፤ ሰውየው የት እንዳለ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

በአዲሱ ዓመት ሚስተር ጎቪንድ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት ተመደበ። ደብዳቤው የደረሰኝ በኅዳር ነው። በበዓሉ ዕለት፣ ከቀትር በፊት፣ የእናቱን ልብስ በጫንቃው ጥሎ ደርሷል። በረዶው ከጠበቀው ያነሰ ነበር። ጨረቃዋን ደመና ጋርዷት አላያትም። የመጨረሻዋን ጭብጥ በሶ ከዋሻው በር ላይ ከአንዲት የማያውቃት አሮጊት ጋር ተካፍለው ጠጥተዋል፤ አሮጊቲቱ «ይህ ምንድን ነው?» ብትለው፣ «የሌላ ተራራ ምግብ ነው» አላት። ከዚያም እንዲህ ይላል፦ ካህኑ የማንን ስም ላንሣ ቢለኝ የእናቴን ነገርኩት፤ ቀጥሎም የአንተን ልነግረው ፈልጌ፣ ሁልጊዜ ዲያቆን ስልህ ስምህን ለካ ረስቼዋለሁ። «ዲያቆን» አልኩት። «ዲያቆን» ብሎ ጸለየ።

ደንግጬ ደብዳቤውን ወደ የኔታ ይዤ ሄድኩ። ስሜ፣ ያውም የማዕርጌ ስም፣ በባዕድ መቅደስ ተጠርቷል፤ ቀኖና ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። የኔታ ሲስቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ዓይናቸው እስኪያነባ ሳቁ።

«እኔ እዚህ ዲያቆን ለማድረግ ስንት ዓመት የለፋሁብህን» አሉ፣ «እሱ በአንድ ቀን ሕንድ ድረስ አደረሰልኝ! ቀኖና ከፈለግህስ ለዚያች ‹አዎ› ነው።» ሰጡኝም፤ ፈጸምኩት።

ዛሬ እኔ ራሴ ቄስ ሆኜ ስቀድስ ዕድሜዬ ከየኔታ የዚያን ጊዜ ዕድሜ አልፏል። ሚስተር ጎቪንድ ካለ እጅግ ሸምግሏል፤ ምናልባትም አልፏል። በቅዳሴአችን ውስጥ በመንገድ ስላሉ ሰዎች የሚጸለይበት ቦታ አለ። በዚያ ሥፍራ የእሱን ስም በቃል አላነሣም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድልኝም፣ እኔም ሥርዓቱን ወድጄ የገባሁበት ነው። ሆኖም ካህን ዓይኑን ቢጨፍን የሚያየውን የሚከለክለው የለም። እኔ የማየው አንድ ወፍራም ሰው ነው፤ የእናቱን ልብስ በትከሻው ጥሎ፣ ትንፋሽ እያጠረው፣ የተሳሳተ ሰው ባወጣለት ቀን ሳይሆን በተስተካከለለት ቀን ዳገት ይወጣል። እስኪደርስ አልጠብቅም፤ ሕዝቡ «አሜን» ይላልና እቀጥላለሁ።