ወንድሜን ልመልስ ወደ ኖቶ

ሰኞ፣ ንጋት፣ ትሮይቪል

ጎህ ሳይቀድ ሻንጣችንን ይዘን ወጣን። ሰኔ ነው፤ የጆሃንስበርግ ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። መንገድ ዳር የቆርቆሮ እሳት ከበው የሚሞቁ ዘበኞች፣ ያልተከፈቱ ጸጉር ቤቶች፣ ከወዲያ ማዶ የመጀመሪያዎቹ ታክሲዎች ጥሩምባ። ዳቬይተን ሰፈር ላለችው ስፓዛ ሱቄ ዕቃ የሚያመላልስልኝ ሲፎ አሮጌ የጭነት ባኪውን አሙቆ ይጠብቀናል። "ሳዉቦና፣ ማሉሜ" ብሎ በዙሉኛ አጎቴ እያለ ሰላም አለኝና ሻንጣዎቹን ወደ ኋላ ወረወራቸው።

ልጄ ሩት አብራኝ ትሄዳለች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። እሷ የምትሄደው ሲሲሊ የሚባለውን የጣሊያን ደሴት ሕንፃዎች ለማየት ነው። እኔ የምሄደው ታላቅ ወንድሜን ልመልስ ነው።

እኔና ጋሽ ጴጥሮስ ከሆሳዕና ከተማ የወጣነው በአንድ ዓመት ነው። እኔ በሞያሌ አድርጌ ወደ ደቡብ፣ እሱ ከሚስቱ ከአልማዝ ጋር በሱዳን አድርጎ ወደ ሰሜን። እነሱ ከሊቢያ የተሳፈሩባት ጀልባ ሲሲሊ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ተገለበጠች። እሱን አወጡት፤ አልማዝ አልተገኘችም። ከዚያ ወዲህ ኖቶ በምትባል ከተማ ይኖራል። እናታችን በደወለች ቁጥር የምትለኝ አንድ ነገር ነው፤ ብቻውን እንዳይሞትብኝ፣ ሂድና ወዳንተ ውሰደው። የእኔ ወረቀት ደግሞ ተስተካክሎ ለጉዞ የበቃው ገና ዘንድሮ ነው።

ሲፎ እዚያ ምን እንዳለ ጠየቀ። ሩት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የመሬት መንቀጥቀጥ የደሴቲቱን ደቡብ ምሥራቅ እንዳለ እንዳወደመው፣ ከተሞቹም ከበፊቱ አምረው እንደ ገና እንደ ተሠሩ ነገረችው። ሲፎ፣ እኛ ዘንድ የማዕድን ጉድጓዱ መሬቱን ነቅነቅ ሲያደርገው የሚሰነጠቀውን ግድግዳ እንኳ የሚጠግን የለም አለ። ከዚያ ማን ሠራላቸው ብሎ ጠየቀ።

"ራሳቸው" አለች ሩት።

ማክሰኞ፣ ካታኒያ

አዲስ አበባና ሮም አውሮፕላን ቀይረን ካታኒያ ስንደርስ ሙቀቱ ፊታችንን እንደ ምድጃ መታን። ከከተማዋ ጀርባ እሳተ ገሞራው ጭሱን እየለቀቀ ተቀምጧል። ሕንፃዎቹ ጥቁር ድንጋይና ነጭ ድንጋይ ናቸው። ሩት እንደ ነገረችኝ ከዚያ መንቀጥቀጥ በኋላ ጥቁሩን ከዚያው ከተራራው ፈልጠው አመጡት። የገደላቸውን ተራራ ቤት አደረጉት ልበል ስል፣ የገደላቸው ተራራው ሳይሆን መንቀጥቀጡ ነው ብላ አረመችኝ። ቁርሳችን በለውዝ ወተት የተሠራ ጣፋጭ በረዶ በለስላሳ ዳቦ ነበር። ዋጋውን በልቤ ወደ ራንድ ስመነዝር አይታኝ "ዳድ፣ ፕሊስ፣ ዛሬ አትመንዝር" አለችኝ።

ወደ ደቡብ በአውቶቡስ ሄድን። የሎሚ እርሻ፣ ቁጥቋጦ፣ ደግሞ ኮንሶን ያስታወሰኝ የድንጋይ ካብ፤ ማለቂያ የለውም።

ኖቶ ስንወርድ አንድ ሽበታም ሰው ከዛፍ ሥር ተነሣ። እኔ አላወቅሁትም። እሱ ግን እኔን አልፎ ሩትን አየና "የእናቴ ግንባር" አለ። ከዚያ አንገት ለአንገት ተያይዘን ቆየን። ላባብለው የመጣሁት እኔን እሱ ነበር የሚያባብለኝ።

አመሻሹ ላይ በዋናው መንገድ ወሰደን። ይህን እንዴት ልንገራችሁ? ከተማዋ በሙሉ የማር ቀለም ነች። ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ድንጋዩ ከውስጡ መብራት ያለው ይመስላል። ቤተ ክርስቲያኖቹ ከሰፋፊ ደረጃ በላይ ቆመዋል፤ ግንባቸው ቀጥ ያለ አይደለም፣ ደረቱን ይነፋል፣ መልሶ ይሰበስባል። ከየሰገነቱ ሥር የድንጋይ አንበሳ፣ ክንፍ ያለው ፈረስ፣ አፉን የከፈተ ሽማግሌ በትከሻቸው ተሸክመውታል። ይህ ነው ባሮክ የሚሉት የግንባታ ስልት አለችኝ ሩት፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስጸልይ የኖርኩ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ ጌጥ ብዙም አይገባኝም። እዚያ ደረጃ ላይ ግን ቆቤን አወለቅሁ።

ረቡዕ፣ ራጉዛ

ጋሽ ጴጥሮስ የሚሠራበት ዳቦ ቤት ፈቃድ ስለ ሰጠው በትንሽ መኪናው ወደ ራጉዛ ወሰደን። እዚህ ከመንቀጥቀጡ የተረፉት ሰዎች አልተስማሙም። ገሚሱ ከላይ ደልዳላው ላይ አዲስ ከተማ ሠራ። ገሚሱ አንለቅም ብሎ በፍርስራሹ ላይ፣ እዚያው ኮረብታ ላይ መልሶ ገነባ። ከላይኛዋ ሆናችሁ ታችኛዋን ስታዩ ቤቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው፣ መሐላቸው የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ብቅ ብሎ፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሩት የትኞቹ ልክ ነበሩ ብላ አጎቷን ጠየቀችው። ሁለቱም ቆመው የለ ወይ አላት።

ሐሙስ፣ አሮጌው ኖቶ

የዛሬዋ ኖቶ የድሮዋ አይደለችም። የድሮዋ በተራራው ላይ ነበረች፤ ስትፈርስ ከብዙ ክርክር በኋላ ትተዋት ወደ ታች ወረዱ። ወደዚያ ወጣን። የከተማው በር አሁንም ቆሟል። ከበሩ ወዲያ ግን ሣር፣ የዱር ጦስኝ፣ የግድግዳ ጉቶ፣ እንሽላሊት። ነፋሱ ብቻ ይሰማል።

የመጣሁበትን ነገር ያኔ ለጋሽ ጴጥሮስ ነገርኩት። ትሮይቪል ክፍል እንዳዘጋጀሁለት፣ ሱቁን አብረን እንደምንይዝ፣ እናታችን እንደምትጨነቅ። ሳያቋርጠኝ ሰማኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

"መጀመሪያ ሰሞን እዚህ እየመጣሁ እውል ነበር" አለኝ። "እነዚህ ሰዎች ሚስቶቻቸውን፣ ልጆቻቸውን ከዚህ ድንጋይ ሥር ትተው ነው የወረዱት። ከትናንት ወዲያ አፍህን ከፍተህ ያየኸውን ሁሉ የሠሩት ኀዘንተኞች ናቸው። ኀዘንተኛ እንዲህ ያለ ነገር መሥራት ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።"

ቀጠለና "አልማዝ እዚህ ባሕር ውስጥ ናት፤ ትቻት የት እሄዳለሁ?" አለ።

ከጆሃንስበርግ ጀምሮ ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። ሩት ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና እጁን ያዘች።

ማታ ቤቱ ራት በላን። በከተማዋ ላይኛው ጫፍ ያለ፣ ጣሪያው ወድቆ የተተወ የድንጋይ ቤት ነበር፤ አንዱን ክፍል ጨርሶ ሌላውን እየጀመረ ለዓመታት ጠግኖታል። የጎረቤቱ አሮጊት የተጠበሰ ደበርጃን በሳህን ይዘው መጡ። ሳያንኳኩ ነው የገቡት። ወንድሜን በሲሲሊኛ ተቆጡት፤ ትርጉሙን ብጠይቀው እንግዳ መጥቶብህ እንዴት ሳትነግረኝ ብለውኝ ነው አለና ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው።

እሑድ፣ ጆሃንስበርግ

ሲፎ ኤርፖርት ጠበቀን። ከኋላዬ ሰው ፈለገ፤ ሁለት ብቻ መሆናችንን ሲያይ ሻንጣውን ተቀበለኝ።

ቤት እንደ ገባሁ ሆሳዕና ላለችው እናቴ ደወልኩ። አላመጣሁትም አልኳት። ስለ ድንጋዩ ከተማ፣ ስለ ዳቦ ቤቱ፣ ሳያንኳኩ ስለሚገቡት አሮጊት፣ ወንድሜ ተራራው ላይ ስለ ነገረኝ ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

"ከቤቱ ባሕሩ ይታያል?" አለችኝ።

"ጣሪያው ላይ ሲወጡ ይታያል፣ እማዬ። ጋሽ ጴጥሮስ ጠዋት ጠዋት እየወጣ ያየዋል።"

"እንግዲያ ይቀመጥ" አለች።