የአቶ ሂርጳ ድድና የእድሩ ጥሩምባ

አቶ ሂርጳ ቱሉ በፈረንሳይ ለጋሲዮን የእድር ጥሩምባ መንፋት ከጀመሩ ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰው ሲሞት ማልደው ዳገቱን ይወጡና ጥሩምባቸውን ወደ ሰፈሩ አዙረው ይነፋሉ፤ አስከትለውም የሟቹን ስም ይለፍፋሉ። አምና ግን የጥሩምባው አፍ ደም ይነካው ጀመር። ጥርሳቸውም ተነቃነቀ።

ጎረቤታቸው አቶ ወንደሰን ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። አፋቸውን በባትሪ አይተው፣ «ፓዮሪያ ነው፤ ድድህ መግል ይዟል። ጥርስህን ሳያወላልቅ አይተውህም» አሏቸው።

ወሬው እድሩ ዘንድ ደረሰ። ሊቀመንበሩ አቶ ተክለጻድቅ አስጠርተዋቸው፣ «ሂርጳ፣ ይብቃህ። ከእንግዲህ በስልክ መልእክት እንልካለን» አሏቸው።

«እነ እማማ በለጡ ስልክ የላቸውም፣ በምን ይስሙ? የተነቃነቀው ጥርሴ ነው፤ እኔ አልተነቃነቅሁም» ብለው ጥሩምባቸውን በጉያቸው ይዘው ወጡ።

በማግስቱ መገናኛ አካባቢ ወዳለ የጥርስ ክሊኒክ ሄዱ። ሐኪሟ ሩሃማ የበሽታውን ስም ከአፋቸው ስትሰማ ፈገግ አለች። «አባባ፣ ይኼ የድሮ ስም ነው። አሁን ሥር የሰደደ የድድ በሽታ ነው የምንለው።» ራጁን አይታም ሰባት ጥርስ ተነቅሎ ሰው ሠራሽ ቢተካ እንደሚሻል ነገረቻቸው።

«ልጄ፣ የፊቶቹን አትንኪብኝ። ጥሩምባዬን የምደግፈው በእነሱ ነው።»

«ይቆያሉ ብዬ ቃል ልገባልዎ አልችልም።»

«ቃል አልጠየቅሁሽም። ሞክሪልኝ ነው ያልኩሽ።»

ሦስት መንጋጋ ነቀለች፤ ከድዳቸው ሥር የተጋገረውን ቆሻሻ ፋቀች፤ አራቱን የፊት ጥርሶች በቀጭን ሽቦ አሰረች። ሲጋራ ከለከለቻቸው፤ ለሁለት ወር እንዳይነፉም አስጠነቀቀቻቸው። አርባ ዓመት ያጨሱትን ሲጋራ በዚያው ቀን ተዉ። ጠዋትና ማታ ጥርሳቸውን ይቦርሻሉ፤ ጥሩምባውን ግን አልነኩም።

በዚህ መሀል እማማ በለጡ የልጅነት ጓደኛቸው መሞቷን የሰሙት ተቀብራ ካደረች በኋላ ነው። ከሊቀመንበሩ ደጅ ሄደው አለቀሱ።

ሁለት ወሩ እንዳለፈ ሰፈር ውስጥ ሰው ሞተ። አቶ ሂርጳ ማንንም ሳይጠይቁ ዳገቱን ወጡ። የመጀመሪያው ድምፅ ተቆራረጠ። አፋቸውን በመዳፋቸው ጠርገው አዩት፤ ደም የለበትም። ደግመው ነፉ። ወዲያው ስልካቸው ጮኸ።

«ማን ፈቀደልህ?» አሉ አቶ ተክለጻድቅ።

«ቆይ፣ መጀመሪያ የሟቹን ስም ልጥራ» ብለው ዘጉባቸው።

ከዚያ ወዲህ አትንፋ ያላቸው የለም። ክረምት ላይ ከታሰሩት ጥርሶች አንዱ ወለቀ። አሁን ጥሩምባውን ወደ ግራ አዘንብለው ነው የሚነፉት።