ቡፌው ላይ የከረመው ነጭ ወይን

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለውን ተረት እናቴ ለእኔ ብላ ያወጣችው ይመስለኝ ነበር። ሃያ ዓመት አልፎኝ ቁጭ ብድግ የምል፣ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ጡሩምባ ሲነፋ ከወንበሬ የምነሳ፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር መንገዱ ሊዘጋ ነው ብዬ የምናደድ ሰው ነበርኩ። ወዴት እንደምቸኩል እኔም አላውቀውም። ብቻ ጅማ ጠበበችኝ።

የምሠራው ቡና ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት ውስጥ በታይፒስትነት ነው። የቡናውን ጥራት የሚለየው አንድ ፈረንሳዊ ነበር፤ ሁላችንም በአገሩ አጠራር ሙሴ እንለዋለን። ከእያንዳንዱ ጭነት ትንሽ አስቆልቶ ያስፈጫል፣ ስኒዎች ደርድሮ ፍል ውሃ ያፈስበታል፤ ከዚያ በማንኪያ እየጨለፈ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ከአየር ጋር ስቦ ባልዲ ውስጥ ይተፋዋል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሳቄ አመለጠኝ። እሱ ግን ማንኪያውን አቀበለኝና «አንቺም ሞክሪ» አለኝ። ሞከርኩ፣ ወደድኩትም። እያደር ከጽሕፈት መኪናው ይልቅ ስኒዎቹ ዘንድ መገኘት አበዛሁ። ከከፍታ የመጣውን ከቆላው፣ ዝናብ የመታውን በደንብ ከደረቀው መለየት ቻልኩ። የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ እግሬ የማይቁነጠነጠው ስቀምስ ብቻ ነበር።

ሙሴው የወይን ገበሬ ልጅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ እንደጨረስን፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ የሚመታው መስኮት ላይ ያዋለውን ጠርሙስ አምጥቶ ከፈተ። ሻርዶኔ ከሚባል ፍሬ የተጠመቀ ነጭ ወይን ነው አለኝ፤ ከተወለደበት ከብርዳሙ አገር የመጣ። ተክሉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ውርጭ እንዳይፈጀው ገበሬዎቹ በመሀሉ እሳት ያነዳሉ። ፀሐይ ስለምትሰስትባቸው ፍሬው የሚበስለው በግድ ነው፤ ሲለቀምም ኮምጣጣነቱ አይለቀውም። ይህን በተሰባበረ አማርኛው ሲነግረኝ ቡናውን አሰብኩ። የእኛም ቢሆን ብርድ ያዘገየው ፍሬ ነው አፍ ላይ የሚነቃው።

የብርጭቆውን ሲሶ እንኳ አልቀዳልኝም። እኛ ቤት እንዲህ ቢቀዳለት እንግዳ ተቀይሞ ይወጣል። ቀለሙን አየሁት፤ ገለባ ይመስላል፣ ዳር ዳሩ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። አሸተትኩት፤ ሎሚ አለው፣ ያልበሰለ ኮክ አለው፣ ከሥሩ ደግሞ የማውቀው ግን ስሙ የጠፋኝ ሽታ አለ። እንደ ቡናው ከአየር ጋር ሳብኩት። አፌ ምራቅ ሞላ። ይኮመጥጣል፣ ግን ፊት የሚያስጨማድድ አይደለም፤ ኮምጣጣው ሲያልፍ ለጋ ቅቤ የመሰለ ልስላሴ ይከተለዋል። ከተፋሁት በኋላም ጣዕሙ አፌ ውስጥ ቆየ።

«ምን አገኘሽ?» አለኝ።

«ዝናብ የመታው ድንጋይ» አልኩት፣ እንዳይስቅብኝ እየፈራሁ።

አልሳቀም። ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ ድርጅቱ አዲስ አበባ ላይ የቅምሻ ክፍል ሊከፍት መሆኑን፣ እኔም ብሄድ ሠልጥኜ ቀማሽ እንደምሆን ነገረኝ። ሌሊቱን ሙሉ ልቤ እንደተሰቀለ አደረ።

የሚቀረው አባቴ ነበር። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ጅማ የኖረ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፣ በሕይወቱ ቸኩሎ የማያውቅ። «አዲስ አበባ ሴት ልጅ ያበላሻል» ይል ነበር፣ ገና ሳልጠይቀው። ስለዚህ ሙሴው ራሱ ሊያስፈቅድልኝ ቤታችን መጣ፤ እጅ መንሻ ይዞ መምጣት እንደሚገባ ተነግሮት ኖሮ ከዚያው ወይን አንድ ጠርሙስ ይዞ ነበር። አባቴ በሁለት እጁ ተቀበለው።

«ይኼ አይቆይም» አለ ሙሴው። «ቀዝቃዛ ቦታ፣ ጨለማ። በቶሎ ጠጡ።»

አባቴ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። እንግዳው እንደወጣ ጠርሙሱን ቡፌው ላይ፣ በእሱና በእናቴ የሠርግ ብርጭቆዎች መሀል፣ የከሰዓት ፀሐይ የምታገኘው ቦታ አቆመው። ገቢ ወጪው እንዲያየው ነው።

«አባባ፣ አይቆይም እኮ ነው ያለው።»

«ጠጅ ሲከርም ነው የሚበረታ። የክብር ስጦታ ደግሞ እንዲያው አይከፈትም።»

«የእኔስ ነገር?»

«እሱን የከፈትን ቀን እንነጋገራለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዬ በዚያ ጠርሙስ አንገት ላይ ታሰረ። ፋሲካ መጣ፤ አልተከፈተም። ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። ለመስቀል ይከፍተዋል ብዬ ብርጭቆዎቹን ሳይቀር አጠብኩ፤ አልከፈተውም። ጥላ ወዳለበት ጥግ ባዛውረው እናቴ አቧራውን ጠርጋ ወደ ክብሩ ትመልሰዋለች። ሙሴው ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር ቦታዬ እስከ አዲሱ የቡና ምርት ድረስ እንደሚጠብቀኝ ነግሮኝ ሄደ። «አባባ ቶሎ በል» ማለት ደግሞ በእኛ ቤት አይታሰብም። ከሥራ ስመለስ ነጠላዬን ሳላወልቅ ቀለሙን አያለሁ። ገለባው ማር ሆነ፣ ማሩ ወደ ሰም ቀለም ሄደ። እዚያ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ ከቤተሰቡ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አዲሱ ቡና መድረቅ ሲጀምር በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ካለችው ከሰርቦ ሽማግሌዎች መጡ። ለአንድ ነጋዴ ልጅ እኔን ሊጠይቁ ነው። ልጁ መጥፎ አልነበረም፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጦ እስኪያረጅ ድረስ የሚረካ ሰው ነበር። ቤቱ ተጎዝጉዟል፣ አባቴ ካባውን ደርቧል። ንግግሩ ሲሟሟቅ ተነሣና ጠርሙሱን ከቡፌው ላይ አነሣ።  የከፈትን ቀን እንነጋገራለን ብሎኝ ነበር፤ የሚነጋገረው ግን ከእነሱ ጋር ነው።

ቡሹን በማማሰያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፍቶ ጠርሙሱን ሰጠኝ። «ቅጂላቸው።»

ቀጂ አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ መቅመስ አለበት፤ እኔም እንደ ደንቡ አደረግኩ። ሎሚው የለም፣ ድንጋዩ የለም። የበሰበሰ ኮክና ኮምጣጤ ብቻ። ከልማዴ በጩኸት ስቤው ኖሯል፣ ከልማዴም ባልዲ ፈለግኩ፣ ባልዲ አልነበረም። ጉዝጓዙ ላይ ተፋሁት።

እናቴ አማተበች። አንደኛው ሽማግሌ ጋቢውን ሰበሰበና «እንግዲህ መልሷ ይኸው ነው?» አለ።

ከእነሱ ጋር ለሽምግልና መጥተው መሀል የተቀመጡት አንድ ሐጂ ግን ፊታቸው አልተለወጠም። «እኔስ ድሮም አልጠጣም፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄ፣ ዱጋ ንገሪን፤ እውነቱን። ምን አገኘሽበት?»

«ሞቷል» አልኩ አባቴን እያየሁ። «ሙቀትና ፀሐይ ገድሎታል። ለእናንተ አይቀርብም።»

«የፈረንጅ መጠጥ እንደታሸገ ይሞታል እንዴ?» አለ ጋቢውን የሰበሰበው ሽማግሌ።

አባቴ ጠርሙሱን ከእጄ ወስዶ ለራሱ ቀዳ። ጎነጨና አፉ ውስጥ ያዘው። ከፊቱ ምንም ማንበብ አልቻልኩም። ደህና ነው ቢል ነገሩ ያልቃል፤ ሁሉም እሱን ነው የሚያምኑት። ዋጠው፣ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ልጄ ቀማሽ ናት» አለ። «አይጠጣም ካለች አይጠጣም።»

ለሰው ስለ እኔ ሲናገር «ጽሕፈት ትሠራለች» ነበር የሚለው። 

ለእንዲህ ያለ ጉዳይ የቀረበ መጠጥ መበላሸቱ መጥፎ ገድ ሆኖ ታያቸው፤ ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሳይጠይቁ ተነሡ። ሐጂው ደጃፉ ላይ «አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ» ብለውኝ ወጡ።

አባቴ ካባውን ሳያወልቅ ጠርሙሱ ፊት ተቀመጠ። «ያኔ ከፍተነው ቢሆን ምን ምን ይል ነበር?» አለኝ።

ነገርኩት። ሎሚውን፣ ያልበሰለውን ኮክ፣ ለጋውን ቅቤ። የምስክር ቃል እንደሚቀበል ሰው አንድ በአንድ አዳመጠኝ።

«ድንጋይ?»

«ዝናብ የመታው ድንጋይ፣ አባባ።»

ጠርሙሱን በጣቱ ወደ ራሱ አዞረው። «አዲስ አበባ ያበላሻል ስል ነበር» አለ በመጨረሻ። «ለካ መቀመጥም ያበላሻል። ሂጂ።»

በሳምንቱ ተሳፈርኩ። አውቶቡሱ ሰርቦ ላይ ሰው ሊጭን ሲቆም፣ ከጅማ ጀምሮ ያልደረቀ እንባዬን እየጠረግኩም ቢሆን ሾፌሩን «ቶሎ በል» አልኩት።