ሁለቱም አንድ ዓይነት ሲሳሳቱ

በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ከኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉ አንድ ጠዋት እስካሁን ያንገበግበኛል።

የምንጠግነው አውሮፕላን ከፍታንና ፍጥነትን የሚያሰሉ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉት። የውጭውን አየር የሚያደርስላቸው ቱቦም ለየብቻ ነው። አንዱ ከተሳሳተ ከሌላው ጋር ስለማይስማማ አብራሪው ማስጠንቀቂያ ያያል። ለዚህም ነው ሁለቱን በአንድ ቀን አንድ ሰው እንዳይነካቸው የተከለከለው፤ ሰው አንዱ ላይ የሠራውን ስህተት ሌላውም ላይ ይደግመዋል።

የዚያን ቀን ሁለቱም ኮምፒውተሮች መቀየር ነበረባቸው። ሁለተኛውን የሚቀይረው ባልደረባዬ ታሞ ቀረ። አንዱን ከቀየርኩ በኋላ ለሁለተኛው ሌላ ሰው እንዲመድቡ አለቃችንን ጠየቅኳቸው።

«ካንተ የተሻለ ሰው ከየት ላምጣ? ጨርሰው» አሉኝ።

ሙገሳው ደስ አሰኘኝ። ይህን ሳስብ ከሁሉ በላይ የምናደደው በራሴ ነው። ሁለተኛውንም ቀየርኩት።

ሥራዬን አይታ የምትፈርመው መርማሪ በዕድሜ የምታንሰኝ ሴት ናት። አለቃችን «ተሳፋሪ ሊገባ ነው፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር እያሳዩ ምን ፍተሻ ያስፈልጋል? ፈርሚ» አሏት።

«ያላየሁት ላይ አልፈርምም» አለች፤ ድምጿን ሳታነሳ።

የፍተሻውን ፓምፕ አምጥታ ቱቦዎቹ ላይ ገጠመች። ሁለቱም አየር ያስገባሉ። ስንፈታቸው፣ ቱቦው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ላይ ያደረግኳቸው የጎማ ቀለበቶች ልካቸው አይደለም፤ ሁለቱንም ካንድ ከረጢት ነበር ያወጣኋቸው። መሬት ላይ ምንም አይታወቅም። ሰማይ ላይ ግን የተሳፋሪው ክፍል አየር ወደ ቱቦዎቹ ገብቶ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ያንኑ የተሳሳተ ከፍታ ይናገሩ ነበር። ስለተስማሙም ማስጠንቀቂያ አይበራም።

በረራው ሦስት ሰዓት ዘገየ። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ይገባኛል። የአለቃችን ትእዛዝ ግን ደብዳቤው ላይ የለም። እሷ ደግሞ በረራ አዘገየሽ ተብላ በስብሰባ ተወቀሰች። ልናገር ስነሳ አለቃችን ተቀመጥ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በምኖርበት ጎፋ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ጎረቤታችንን አገኘኋት። ልጇን ጠይቃ መመለሷ ነው። ስትሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ሦስት ሰዓት እንዳስቀመጧት ነግራኝ፣ «ሥራችሁን በጊዜ መጨረስ ምን ያቅታችኋል?» ብላ ተቆጣችኝ። ቀኑን ጠየቅኳት። ያው በረራ ነው። ይቅርታ ጠይቄያት፣ የያዘችውን ሻንጣ ተቀብዬ እስከ በሯ አደረስኩላት።

ቤቴ ገብቼ ምሳ ሳልቀምስ፣ ማን ምን እንዳዘዘና እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሁሉንም ጻፍኩ። በማግስቱ ለመሥሪያ ቤታችን የበረራ ደህንነት ክፍል አስገባሁት።

የመርማሪዋ ወቀሳ ከፋይሏ ወጣ። የእኔ ማስጠንቀቂያ እንዳለ ነው። አለቃችንም ከነወንበራቸው አሉ፤ አንድ ቃል የጠየቃቸው ሰው የለም። ኮሪደር ላይ ስንተላለፍ ሰላም አይሉኝም፤ እኔም አልላቸውም።