ቁልፍ በጉንጩ የያዘው ክኒን

እትዬ መርፌ የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ናቸው። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ሌላ ነው፤ ግን ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ስለሚሠሩ ሰው ሁሉ እንዲህ ይላቸዋል። ልክ ሲወስዱ የሚያወሩት በአፍንጫቸው ነው። "እህ" ካሉ ክንድ ማንሳት፣ "ምም" ካሉ ዞር ማለት። ለአዲስ ደንበኛ እኔ ጎረቤታቸው አስተረጉማለሁ!

ውሻቸው፣ ዓይኑ የካፖርት ቁልፍ ስለሚመስል፣ ቁልፍ ይባላል። ከስፌት መኪናው ሥር ተኝቶ ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ሲያይ ይውላል።

አምና የፀጉር አስተካካዩ ውሻ ሲያስል ከርሞ ሞተ። የእንስሳት ሐኪሟ "የልብ ትል ነው፤ ከውሻ ወደ ውሻ የምታዛምተው ትንኝ ናት" አለች። የእኛ መንገድ ደግሞ ቦይ ዳር ነው፤ ትንኝ እንደ ልብ ነው (ይቅርታ፣ አምልጦኝ ነው)። ከዚያ ወዲህ እትዬ ለቁልፍ በየወሩ መከላከያ ክኒን ይሰጡታል።

"እንደኔ ውሻ ማን አለ? እንደ ከረሜላ ነው የሚቀበለኝ!" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የቁርጥራጭ ጨርቁን ዘንቢል አብረን ስናራግፍ ጠብ፣ ጠብ አለ። ክኒን! ለካ ቁልፍ በጉንጩ ይዞ ይቆይና እሳቸው ፊታቸውን ሲያዞሩ እዚያ ይተፋዋል።

ባላቸው በሳቅ ፈረሱ። "ከማን ተማረው? አንቺ ስፒል፣ እሱ ክኒን!"

እትዬ ግን ፊታቸው አመድ መሰለ። "ልጄን ገደልኩት" አሉና የተለቀመውን ሁሉ ባንዴ ሊያስውጡት አፉን ሲከፍቱ እጃቸውን ያዝኩ።

"ኧረ እትዬ፣ መጀመሪያ ሐኪሟን እንጠይቅ!"

ሐኪሟ ደም ወሰደች። "እንኳን አልሰጣችሁት። ትሉ አድጎበት ከሆነ ክኒኑ ራሱ ሊጎዳው ይችላል፤ ምርመራ ይቀድማል።" ቆይታ መጣች። "ዛሬ ምንም አይታይም። ግን ትሉ ገና ጨቅላ ከሆነ ምርመራው አያገኘውም። ክኒኑን እንደገና ጀምሩ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ።"

ያ ጊዜ እንዴት ረዘመ! ቁልፍ ባስነጠሰ ቁጥር መኪናው ቀጥ ይላል። ክኒን በሰጡት ቁጥር ጉሮሮውን አሻሽተው፣ ምላሱን አንስተው "አሳየኝ!" ይሉታል። ስፒሉንም ከአፋቸው አውጥተው እጃቸው ላይ ባሰሩት ትንሽ ትራስ ላይ መሰካት ጀመሩ።

"ዕድሜ ልኬን ለምኜሽ እምቢ ያልሽውን ለውሻ!" አሉ ባላቸው።

"አንተ መች አይተህ ትማራለህ!"

ትናንት ቀኑ ደርሶ ሄድን። ሐኪሟ "ነጻ ነው" ስትል እትዬ "ምም" ብቻ አሉ።

ሐኪሟ ግራ ገብቷት ወደኔ አየች። "ደስ ብሏቸው ነው" አልኳት።

ቁልፍ ግን እንደ ደህና ደንበኛ ዞር አለ።