አንዱ ዓይኗ

ባለቤቴ ስታገባኝ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እመቤታችንን እንድሥልላትና እሷንም ከሥር፣ ሥዕል እንደሚያሠሩት ባለጸጎች፣ እጇን ዘርግታ ስትማጸን እንዳደርጋት። «ከእግሯ ሥር ትንሽ ቦታ ትበቃኛለች» አለችኝ። እሺ አልኩ። ሠዓሊ እሺ ማለት መቼ ይቸግረዋል!

ያኔ አለቃ የሚባል አልነበረኝም። ከሰፈሬ ከቀራንዮ እየተነሳሁ ደብር ለደብር እዞራለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲታደስ ይጠሩኛል፣ ሥራ ሲጠፋ ቤቴ ቁጭ እላለሁ። ቀለሙን የምትፈጭልኝ እሷ ነበረች። የሰው ሁሉ ሥዕል በእጇ አለፈ፤ የራሷ ግን ሁልጊዜ ለከርሞ ይተላለፋል።

ጣሊያን ሲገባ ሥዕል የሚያሠራ ጠፋ። ደብሩ ለጧፍ እንኳ ተቸግሮ ነበር። ችጋሩ ሲጠናብን፣ ጣሊያኖቹ ኮልፌ የከፈቱት የካሚዮን ጋራዥ ቀለም ቀቢ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁና ሄጄ ተቀጠርኩ። ወር ጠብቆ ደመወዝ፣ እሑድ እረፍት። ባለቤቴ ደስታዋን አልቻለችውም። «እንግዲህ እሑድ እሑድ የኔን ትሠራለህ» አለችኝ።

ሥራዬ ካሚዮኖቹ ላይ ቁጥር መጻፍና በየግድግዳው የመሪያቸውን ፊት መሣል ሆነ። ቆብ የደፋ፣ በጎን የዞረ፣ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ፊት። የመጀመሪያ ቀን ሳቄን መያዝ አቃተኝ። በእኛ ሙያ ጻድቅ የሚሣለው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ነው፤ በጎኑ፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው። ማታ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ራሳቸው ፈረዱበት በለኛ!» አለች።

የጋራዡ አለቃ፣ ጣሊያናዊው ካቦ ግን፣ በአስተርጓሚ ሁሌ አንድ ነገር ይነግረኛል፦ የምታየውን ብቻ ሣል፣ የማይታየውን አትጨምር። እንጀራ ነውና ታዘዝኩ። እየቆየ እጄ ለመደው፤ ከእጄም አልፎ ዓይኔ ለመደው። እሑድ ሲመጣ ደክሞኝ እተኛለሁ፤ እሷም አትቀሰቅሰኝም።

አንድ ክረምት ተስቦ ጣላት። ጀርባዋን እያመማት በጎኗ ብቻ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነበር የምትተኛው። «በል አሁን ሣለኝ» አለችኝ። ሸራ ወጥሬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እመቤታችን ትቆየኛለች፣ መጀመሪያ አንቺን ልያዝሽ አልኳት። ጉንጯን፣ የአንገቷን ንቅሳት፣ ግንባሯ ላይ የተበተነውን ፀጉር ሣልኩ። በዕድሜዬ ሰው እንዲያ አስመስዬ አላውቅም። ኮራ ብዬ አሳየኋት።

ብዙ አየችው።

«አንዱ ዓይኔስ?» አለች።

«ከዚህ ሆኜ አይታየኝማ።»

«ባይታይህም አለ እኮ።»

ክው አልኩ። ያን ሁሉ ዘመን ቀለም የፈጨችልኝን ሴት ከነይሁዳ ተርታ አስቀምጫታለሁ። ነገ አስተካክለዋለሁ፣ በእመቤቴ ይሁንብኝ አልኳት። እሺ አለችኝ። ሳይነጋ አረፈች።

ሰልስቷ ሲወጣ ጋራዥ ተመልሼ ያንኑ ፊት ግድግዳ ላይ ሣልኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ ካቦው ቀለሙ ነው ብሎ መሰለኝ፣ ዓይንህን ታጠብ ብሎ በአስተርጓሚው አስነገረኝ።

ሁለተኛውን ዓይን ልጨምርላት ስንት ጊዜ ብሩሽ አንስቻለሁ። በጎን የዞረ ፊት ላይ ቦታ የለውም። ፍቄ እንደ አዲስ ልጀምር እንዳልል፣ የቀረችኝ እሷው ናት፤ በገዛ እጄ እንዴት ላጥፋት? እንዳለች ግድግዳዬ ላይ ሰቀልኳት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ለሰፈራችን አዲስ የሆኑ ቄስ ቤቴን ጸበል ሊረጩልኝ መጡ። እሷን አያውቋትም። እየረጩ ሥዕሉ ጋ ሲደርሱ እጃቸውን ሰብሰብ አድርገው ቆሙ።

«ልጄ፣ ይህች ሴት ምን የበደለች ናት?» አሉኝ።

«ምንም፣ አባቴ» አልኳቸው። «ምንም አልበደለችም።»